የሙት ዓመት ጨዋታ

ኪነ ጥበብ በምናብ የፈጠራቸው ዓለማት የየራሳቸው ባሕርና ተራራ፣ የየራሳቸው አማልክትና ነገሥታት እንዳሏቸው ሁሉ ብዙዎቹ የየራሳቸው የውድድር ሜዳም አላቸው። እዚያ ሯጩ ይሮጣል፤ ቡጢኛው ይፋለማል፤ ቀስተኛው ያነጣጥራል፤ ሕዝቡም ሜዳውን ከብቦ ይጮኻል። አንባቢ ይህን የመሰለውን ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው እንደ ዕረፍት ነው። ጦርነቱ ጋብ፣ ሐዘኑ ቀለል ብሎ ገጸ ባሕርያቱ ጥቂት የሚጫወቱበት፣ ደራሲውም የገለጻ ችሎታውን የሚያስመሰክርበት ትርፍ ምዕራፍ ይመስለውና በችኮላ ያልፈዋል። ነገር ግን አንድ ሕብረተሰብ ለማን እንደሚሸልምና ማንን ከሜዳው ውጭ እንደሚያቆም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍልሚያው ከሞት አፋፍ ሲደርስ «ይብቃ!» የሚል ሰው ያለው መሆን አለመሆኑ ከዚህ ይበልጥ ጎልቶ የሚታይበት ስፍራ ጥቂት ነው።

የሮማው ባለቅኔ ቨርጂል «ኤኔይድ» በተሰኘው ታላቅ ድርሰቱ አምስተኛ መጽሐፍ ያቀረበው ጨዋታ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ይሆናል። ቨርጂል የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70፣ የሞተውም በ19 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜው የእርስ በርስ ጦርነት ዕድሜ ነበር። ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው፣ በ41፣ በትውልድ ሀገሩ በማንቱዋ አካባቢ የገበሬው መሬት እየተነጠቀ ለድል አድራጊ ወታደሮች ተከፋፈለ። በ31 ደግሞ በአክቲየም ባሕር ላይ ሮማዊ ከሮማዊ ተዋግቶ፣ በኋላ አውግስጦስ ተብሎ የተሰየመው ሰው ብቸኛ ገዥ ሆኖ ወጣ። «ኤኔይድ» የተጻፈው ከዚህ በኋላ ነው። ባለቅኔው ሥራውን አርሞ ሳይጨርስ በመሞቱ እንዲቃጠል ተናዞ ነበር ይባላል፤ አውግስጦስ ግን እንዲታተም አደረገ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ትሮይ ከተቃጠለች በኋላ ኤኔያስ የተረፉትን ሰዎች በመርከብ ጭኖ አዲስ ሀገር ፍለጋ ሰባት ዓመት በባሕር ይንከራተታል። ከካርታጎ ተነሥቶ ሲጓዝ ነፋስ መርከቦቹን ወደ ሲሲሊ ይገፋቸዋል። ሲሲሊ ደግሞ አባቱ አንኪሰስ የተቀበረባት ምድር ናት፤ በደረሱበት ጊዜም ሽማግሌው ከሞተ ልክ አንድ ዓመት ሆኖታል። ኤኔያስ ሰዎቹን ሰብስቦ፣ በስደት ምድርም ሆነ በጠላት ከተማ ተይዞ ቢሆን ይህን ቀን በየዓመቱ ሳያከብር እንደማይቀር ይናገራል። መሥዋዕት ይቀርባል፤ በዘጠነኛው ቀንም ጨዋታው ይጀመራል። ሐዘንንና የጉልበት ውድድርን አንድ ላይ ማየት ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። ሙት ዓመትና ተዝካር ለሚያወጣ፣ የጀግናን ፈረስና ጋሻ ከለቅሶ ሜዳ አውጥቶ ፉከራ ለሚያሰማ ኢትዮጵያዊ ግን ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ጉዳይ አይደለም።

ጨዋታው ከቨርጂል ራስ ብቻ የፈለቀ አይደለም። ምንጩ ግሪካዊው ሆሜር ነው። በ«ኢሊያድ» 23ኛ መጽሐፍ አኪሌስ በጦርነት ለወደቀው ወዳጁ ለፓትሮክሉስ መታሰቢያ የሠረገላ እሽቅድምድም፣ ቡጢ፣ ትግል፣ ሩጫ፣ የጦር መሣሪያ ፍልሚያ፣ የብረት፣ የቀስትና የጦር ውርወራ ውድድር ያዘጋጃል። እዚያ ሽልማቱ ዋጋ ተቆርጦለታል። በትግሉ ያሸነፈ 12 በሬ የሚያወጣ ባለ ሦስት እግር ጎላ ይወስዳል፤ የተሸነፈ ደግሞ 4 በሬ የምታወጣ ሴት። ብዙ የእጅ ሙያ የምታውቅ ሰው ከአንድ ጎላ ሲሶ ሆና ትተመናለች ማለት ነው። ሆሜር ይህን ሲናገር ድምፁ አይለወጥም፤ የባሪያ አሳዳሪው ዓለም የዕለት ተዕለት ቋንቋ ነውና ከአድማጮቹም የሚደነግጥ አልነበረም።

ይሁን እንጂ በዚሁ ክፍል አንድ ልብ የሚነካ ጊዜ አለ። አያክስና ዲዮሜዴስ የጦር ልብስ ለብሰው፣ ስለት ጨብጠው ይገጥማሉ። ዲዮሜዴስ ከጋሻው በላይ የባላጋራውን አንገት በጦሩ ጫፍ ማነጣጠር ሲጀምር ዙሪያውን የቆመው ሠራዊት ለአያክስ ሕይወት ይሠጋል፤ ፍልሚያው ቆሞ ሽልማቱን እኩል እንዲካፈሉ ይጮኻል። ያስቆመው አኪሌስ አይደለም፤ ንጉሡ አጋሜምኖንም አይደለም። ያስቆመው ተመልካቹ ነው።

በሮማ የታየው ሌላ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ264 ዓመት የአንድ መኳንንት ልጆች ለአባታቸው መታሰቢያ ሦስት ጥንድ ባለ ሰይፎችን በከብት ገበያው አደባባይ አፋለሙ። በሮማ ከተማ የታወቀው የመጀመሪያው የግላዲያተር ትርኢት ይህ ነው። እንግዲህ የሮማ ሕዝብ በሰው ደም መዝናናትን የተማረው ከሙት መታሰቢያ ነበር። በቨርጂል ዘመን ልማዱ አድጎ ሹመት ፈላጊ ሁሉ የሕዝብን ፍቅር የሚገዛበት ድግስ ሆኗል። ባለቅኔው ለአባት ሙት ዓመት ጨዋታ ሲጽፍ ሆሜር አርአያ ሆኖት፣ የሀገሩም ልማድ ደግፎት የስለት ፍልሚያ ለማስገባት ምንም የሚያግደው አልነበረም። አላስገባም። ከሆሜር ዝርዝር ውስጥ አንዳንዱን ሲወስድ ይህን ትቶታል፤ እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ባለቅኔ ይህን የረሳው ነው ማለት የሚያስኬድ አይደለም።

በሠረገላው እሽቅድምድም ፈንታ የመርከብ እሽቅድምድም አለ፤ ደስ የሚል ክፍል ነው። አራት መርከቦች ባሕሩ መካከል ካለ ቋጥኝ ላይ የቆመውን ለምለም ቅርንጫፍ ዞረው መመለስ አለባቸው። ጊያስ የተባለው አለቃ ቋጥኙን ተጠግተህ ዙር ብሎ ያዛል፤ መሪ ያዡ ሽማግሌው ሜኔቴስ ግን ከውሃ በታች ያለውን ድንጋይ ፈርቶ ራቅ ይላል። አለቃው በንዴት ሽማግሌውን አንሥቶ ባሕር ውስጥ ይወረውረዋል። ሽማግሌው ልብሱ ውሃ እያንጠባጠበ ቋጥኙ ላይ ሲወጣ፣ የጠጣውንም ጨው ውሃ ሲተፋ ሕዝቡ ይስቃል። ጥቂት ቆይቶ ሴርጌስቱስ የተባለው ሌላ አለቃ ቋጥኙን በጣም ተጠግቶ ሲዞር መቅዘፊያው ይሰባበራል፤ የመርከቡም አፍንጫ ድንጋዩ ላይ ይሰቀላል። ሽማግሌው የፈራው ነገር እውነት ነበር። ቨርጂል ግን አንድም የትችት ቃል አይጨምርም፤ አለቃ ባለሙያውን ወርውሮ መሪውን ራሱ ሲጨብጥ የሚሆነውን አንባቢው ከየዘመኑ ያውቀዋልና።

መርከቡ የተሰበረበት ሴርጌስቱስም ባዶ እጁን አይመለስም። ሰዎቹንና መርከቡን አድኖ በመመለሱ ፎሎዬ የተባለች፣ የእጅ ሥራ የምታውቅ የቀርጤስ ተወላጅ ባሪያ ይሸለማል፤ ጡቷ ላይም ሁለት መንትያ ወንዶች ልጆች አሉ። በሆሜር ጨዋታ የተሸለመችው ሴት ስም አልነበራትም። የቨርጂሏ ስም አላት፣ ሀገር አላት፣ ልጆች አሏት፤ ሆኖም ባለቅኔው የሰጣት ቦታ ሁለት ስንኝ ብቻ ነው። የአባት ፍቅር በሚከበርበት ቀን አንዲት እናት ከነጨቅላዎቿ ከእጅ ወደ እጅ ትተላለፋለች፤ ሜዳውም ሁለተኛ አያነሣትም።

ሩጫው ላይ የተሳተፈ ሁሉ ስጦታ ይቀበላል። ኒሱስ የተባለው ወጣት እየመራ ሳለ ለመሥዋዕት በታረደው ወይፈን ደም ላይ ተንሸራትቶ ይወድቃል። ወድቆም ወዳጁን ኤውርያሉስን አልረሳም፤ ከኋላው የሚመጣውን ሳልዩስን አደናቅፎ ጥሎ ወዳጁ አንደኛ እንዲወጣ ያደርጋል። ሳልዩስ ተበደልኩ ብሎ ይጮኻል። ኤውርያሉስ ያለቅሳል፤ ሕዝቡም መልኩንና እንባውን አይቶ ያዝንለታል። ኤኔያስ ውጤቱን ሳይለውጥ ለተበደለው የአንበሳ ቆዳ፣ ላጭበረበረውም ጋሻ ሰጥቶ ሁሉንም ያስታርቃል። ይህ ዓይነቱ ፍርድ ሰላም ያወርዳል፤ ፍትሕ ነው ለማለት ግን ያስቸግራል።

ቀጥሎ ቡጢው ይመጣል፤ የጨዋታው ሁሉ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዳሬስ የተባለው ትሮያዊ ትከሻውን እያሳየ፣ እጁን በአየር ላይ እየሰነዘረ ይወጣል፤ የሚገጥመው ይጠፋል። ኢላማ የሌለው ጉራ ነውና ሽልማቱን የበሬውን ቀንድ ይዞ ያለ ውድድር እንዲሰጠው ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ የሲሲሊው ጌታ አኬስቴስ ከጎኑ ሣር ላይ የተቀመጠውን ሽማግሌ ኤንቴሉስን ይወቅሰዋል፤ የመምህርህ የኤሪክስ ዝና የት ገባ? ይለዋል። ኤንቴሉስ ፍርሃት አይደለም፣ እርጅና ነው ብሎ ይመልሳል። ነገር ግን ይነሣና መምህሩ በእጁ ይጠቀልለው የነበረውን ጠፍር ሜዳው ላይ ይጥለዋል። የሰባት በሬ ቆዳ ነው፤ እርሳስና ብረት ተሰፍቶበታል፤ የጥንቱ ደምና የአንጎል ፍንጣሪ ገና አልለቀቀውም። ኤሪክስ ከሄርኩለስ ጋር የገጠመው በዚህ ነበር። ሕዝቡ ደነገጠ፤ ከሁሉ ይልቅ ዳሬስ ደነገጠ። ኤኔያስ ያን ጠፍር አስነሥቶ ለሁለቱም እኩል የሆነ ሌላ ጠፍር ያስመጣል።

ፍልሚያው የወጣትና የሽማግሌ ነው፤ አንዱ እግሩ ፈጣን፣ ሌላው ክንዱ ከባድ፣ ጉልበቱ ግን የሚንቀጠቀጥ። ኤንቴሉስ በሙሉ ኃይሉ ሲሰነዝር ዳሬስ ዘወር ይላል፤ ሽማግሌው በገዛ ክብደቱ እንደ ተነቀለ ጥድ መሬት ላይ ይዘረጋል። እኩያ ጓደኛው አኬስቴስ ሮጦ ያነሣዋል። እፍረት ጉልበት ሆኖት የተነሣው ኤንቴሉስ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ነው፤ ዳሬስን በሜዳው ዙሪያ እያሯሯጠ በግራም በቀኝም ይወቅጠዋል፤ ዕረፍት የለም፣ ምሕረትም የለም። ጥቂት ቢቆይ ሰውየው ይሞታል። እዚህ ላይ ኤኔያስ ገብቶ ያስቆማል። ኃይሉ ተለውጧል፣ አምላክ ከእሱ ጋር ነው፣ እጅህን ስጥ ብሎ ዳሬስን ያጽናናዋል። ጓደኞቹም ጉልበቱ የከዳውን፣ ራሱን መያዝ ያቃተውን፣ ከደም ጋር ጥርሱን የሚተፋውን ሰው ደግፈው ወደ መርከቡ ይወስዱታል።

የኤንቴሉስ ሥራ ግን አላለቀም። የተሸለመው በሬ ፊት ይቆምና አንድ ጊዜ ብቻ በቀንዶቹ መካከል ይመታዋል፤ በሬው ተንዘፍዝፎ ይወድቃል። ሽማግሌው በዳሬስ ሞት ፈንታ ይህን ነፍስ ለመምህሩ ለኤሪክስ እንደሚሰጥ ተናግሮ ጠፍሩንም ሙያውንም እዚያው ይጥላል። ቨርጂል እዚህ ላይ ያለው ድፍረት ልብ ሊባል ይገባል። የኃይለኛውን ክንድ ውበት አልካደም፤ ሕዝቡም አንባቢውም የተደነቁበትን ጉልበት በዝርዝር አሳይቷል። ነገር ግን ያ ክንድ በሰው ላይ ቢያርፍ ምን ያደርግ እንደነበር በበሬው ራስ ቅል ላይ እንዲታይ አድርጓል። በየአደባባዩ የሰው ነፍስ ለትርኢት በሚቀርብበት ሀገር፣ የሰው ሞት በእንስሳ ሞት የሚለወጥበትን ሜዳ በምናብ መሥራቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ከሆሜር የሚለየው አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እዚህ ፍልሚያውን የሚያስቆመው ሕዝቡ ሳይሆን መሪው ነው። ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ልቡና ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

የቀስቱ ውድድር ረጅም አይደለም። ከምሰሶ ጫፍ የታሰረችው ርግብ በሦስተኛው ቀስተኛ ትወድቃለች፤ ኢላማ ያልቀረለት አኬስቴስ ወደ ባዶ ሰማይ የሰደደው ቀስት በእሳት ተያይዞ ስለሚጠፋ ምልክት ነው ተብሎ አንደኛ ሽልማት ይሰጠዋል። ትልቅ ሰው ሳይወዳደር የሚያሸንፍበት ዘዴ በሆሜርም አለ፤ አጋሜምኖን ጦር ሳይወረውር ተሸልሟል።

በመጨረሻ ሕፃናቱ በፈረስ ይወጣሉ። የኤኔያስ ልጅ አስካንዮስ ከሦስቱ የጭፍራ መሪዎች አንዱ ነው። ጭፍሮቹ ይለያያሉ፣ ጦር ዘቅዝቀው ይገጥማሉ፣ ጀርባ ሰጥተው ይሸሻሉ፣ ዞረው ያባርራሉ፣ ደግሞም ታርቀው ጎን ለጎን ይጋልባሉ። የጉግስ ሜዳ ዳር የቆመ ሰው ይህን አካሄድ ወዲያው ይለየዋል። ቨርጂል መውጫው በማይታወቀው በቀርጤሱ ውስብስብ ቤት መንገድና ማዕበል ውስጥ በሚጫወቱ ዶልፊኖች መስሎታል። አባቶች በልጆቻቸው ፊት ላይ የሞቱትን አያቶች መልክ እያዩ ያጨበጭባሉ።

አባቶች ነው የተባለው። እናቶቹ የሉም። የትሮይ ሴቶች ከሜዳው ርቀው፣ ለብቻቸው ባዶ ባሕር ዳር ተቀምጠው ለአንኪሰስ ያለቅሳሉ፤ እያለቀሱም ባሕሩን ያያሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ የተሸከማቸው፣ ገናም የሚቀራቸው ባሕር ነው። አንዲትም የውድድር ዓይነት፣ አንዲትም የተመልካች ቦታ አልተሰጣቸውም። ጁኖ የተባለችው አምላክ መልእክተኛዋን በአሮጊት ቤሮዬ አምሳል ወደ እነርሱ ትልካለች። መልእክተኛዋም እዚሁ ሀገር እንቆርቁር፣ መርከቦቹን እናቃጥል ትላቸዋለች። የአማልክት ሽረት አለበት እንጂ ንግግሩ የድካም ንግግር ነው፤ ባይላኩባቸውም ሊያስቡት የሚችሉት ነበር። ከመሠዊያው እሳት ነጥቀው መርከቦቹ ላይ ይጥላሉ። ሜዳው ላይ ያሉት ጭሱን ያያሉ። ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ሕፃኑ አስካንዮስ ነው፤ የጨዋታ ጦርነቱን አቋርጦ በፈረሱ ይጋልብና የራስ ቁሩን አውልቆ እግሩ ሥር እየጣለ የምታቃጥሉት ጠላትን ሳይሆን የገዛ ተስፋችሁን ነው ይላቸዋል። ዝናብ ይወርዳል፤ አራት መርከቦች ይጠፋሉ፤ ሌሎቹ ይተርፋሉ።

ያን ሁሉ ሽልማት በፍትሕና በርኅራኄ ያከፋፈለው መሪ በዚያው ሰዓት የሕዝቡ እኩሌታ ምን እንደሚያስብ አላወቀም። ቨርጂል ሁለቱን ትዕይንት አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጣቸው በአጋጣሚ ነው ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ነው። በኋላ ኤኔያስ ሽማግሌ አማክሮ የደከሙትን ሴቶችና ሽማግሎች፣ ታላቅ ዝና የማይሹትንም ሁሉ ለሲሲሊ ይተዋቸዋል፤ ከተማም ይመሠርትላቸዋል። የመለያየቱ ሰዓት ሲደርስ ባሕሩን የጠሉት እነዚያው ሴቶች እንሂድ ብለው ያለቅሳሉ። ከእናቶቹ ሁሉ ልጇን ተከትላ የሄደች አንዲት ብቻ ናት፤ የኤውርያሉስ እናት። በዘጠነኛው መጽሐፍ ኤውርያሉስና ኒሱስ ሌሊት የጠላት ሰፈር ገብተው አብረው ይሞታሉ። በሩጫው ሜዳ ለወዳጁ ሲል ሌላውን የጣለው ኒሱስ በዚያ ሌሊት ለወዳጁ ሲል ራሱን ይጥላል። እናቲቱ የልጇን ራስ በጦር ጫፍ ላይ አይታ ስትጮኽ የሠራዊቱ ወኔ ይርዳል፤ ከአደባባይም ያነሷታል።

በ12ኛውና በመጨረሻው መጽሐፍ ኤኔያስ ራሱ ፍልሚያ ይገጥማል። ባላጋራው ቱርኑስ ቆስሎ ይንበረከክና እጁን ይዘረጋል፤ የሽማግሌ አባቴን ነገር አስብ፣ ለአንተም አንኪሰስ እንዲህ ያለ አባት ነበረህ ብሎ ይለምነዋል። የሙት ዓመቱ ጨዋታ የተደረገለት ስም ተጠራ። ኤኔያስም ያመነታል። ከዚያ ቱርኑስ ከገደለው ከወጣቱ ከፓላስ ላይ የገፈፈውን መታጠቂያ ያያል፤ በቁጣ ተንቦግቡጎም ስለቱን ደረቱ ውስጥ ይሰካል። ድርሰቱ እዚያ ላይ ያበቃል። ዳሬስን ከኤንቴሉስ እጅ ያወጣው ሰው አሁን ራሱ ተፋላሚ ሆኗልና መሐል የሚገባ አልተገኘም።

የሕፃናቱ ፈረስ ጨዋታ ግን ከመጽሐፉ ውጭም ኖሯል። የትሮይ ጨዋታ ተብሎ በሮማ ከቨርጂል በፊትም ይታወቅ ነበር፤ ዩልዮስ ቄሣር በ46 ለድል በዓሉ አሳይቶታል። አውግስጦስም የታላላቅ ቤተሰቦች ልጆች በዚህ እንዲታወቁ ብሎ ደጋግሞ ያስጫውት ነበር፤ ቨርጂል ደግሞ ጥንታዊ የዘር ሐረግ ሰጠው። ስዌቶንዮስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ እንደዘገበው በዚሁ ጨዋታ ኖንዩስ አስፕሬናስ የተባለ ልጅ ወድቆ አካሉ ጎደለ፤ አውግስጦስም የወርቅ ድሪ ሸለመው። ቀጥሎ የአሲንዩስ ፖልዮ የልጅ ልጅ እግሩ ተሰበረ። ፖልዮ ቨርጂልን በወጣትነቱ የደገፈ፣ ባለቅኔውም ስሙን በቀደሙት ሥራዎቹ ያነሣው ሰው ነው። በምክር ቤቱ ተነሥቶ በምሬት ተናገረ፤ አውግስጦስም ጨዋታውን አስቀረው።

ተከታዮቹ ነገሥታት መልሰው አመጡት። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ47 ቀላውዴዎስ የከተማይቱን 800ኛ ዓመት ሲያከብር በፈረስ ከወጡት ሕፃናት መካከል የራሱ ልጅ ብሪታኒኩስና በኋላ ኔሮን የተባለው ልጅ ነበሩ። አንዱ ስድስት፣ ሌላው ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሕዝቡ ይበልጥ የጮኸው ለትልቁ ነበር። በ55 ኔሮን በነገሠ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ብሪታኒኩስ 14 ዓመት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት፣ ቤተ መንግሥት ማዕድ ላይ ተቀምጦ ሳለ ድምፁ ተዘግቶ ሞተ፤ የጥንት ጸሐፊዎች መርዙን ያሰጠው ኔሮን ነው ይላሉ። ታሲተስ እንደሚተርከው በአጠገቡ ከነበሩት ነገሩ ያልገባቸው ደንግጠው ተበታተኑ፤ የገባቸው ግን ከተቀመጡበት ሳይንቀሳቀሱ የኔሮንን ፊት ይመለከቱ ነበር።